ትህትና የተሳለመችው ምልክት

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ለወንድምአገኘሁ፣

የጦሳ ጉም ጠዋት ጠዋት ከደሴ ላይ እንደሚገለጥ ክፉ ነገር ሁሉ ከላይህ ይገለጥልህ። የምታገኘው ሰው ሁሉ ዘመድ ይሁንህ።

ጎረቤቴ ቡዜ ታማብኛለች። ታስታውሳት እንደሆነ፣ በልጅነትህ ከገራዶ ወደ እኔ ስትመጣ ሸንኮራ እየላጠች የምትሰጥህ፣ ያቺ ሳቂታዋ ናት። ግፊቷ ከፍ ብሎ ሰሞኑን ወድቃ አነሳናት። ሐኪሙ «ጨው ቀንሺ፣ አትናደጂ» አላት። ጨውስ እሺ፣ አለመናደዱን ከየት ታምጣው? ትልቁ ልጇ ሐርቡ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀርቷል፤ ደህና ነው፣ ሽንኩርት ያለማል። የቤቱ ምሰሶ ሁለተኛዋ ናት፣ ትህትና፣ ጆንያ ፋብሪካ የምትሠራው። የእናትየውም ግፊት የተነሳው በእሷ ነው።

ወንድምዬ፣ ትህትናን ማሽን እጇን በላት። ቀኝ እጇን። ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ የሉም።

ፋብሪካው ውስጥ ጆንያውን የሚጠቀልል ትልቅ የሚሽከረከር ብረት አለ፣ ልጆቹ ሮለር ይሉታል። ከብረቱ ጎን ቢጫ ላይ በጥቁር የተጻፈ አንድ የቻይና ምልክት ተለጥፏል። ትህትና ጠዋት ገብታ ምልክቱን በእጇ ስትነካ፣ ለካስ የቀደሙት ተረኞች ማሽኑን ሳያጠፉት ሄደው እየዞረ ኖሯል። የካፖርቷን እጅጌ ያዘው። አብራት የምትሠራው ፊርደውስ ሮጣ ባታጠፋው ክንዷም አይተርፍ ነበር። ካፖርቱን ደግሞ ስነግርህ፣ ግንድ ለሚያህል ወንድ የተሰፋ ነው፤ እጅጌው ከልጆቹ እጅ አልፎ ይንጠለጠላል። ላሳጥርላችሁ ስል «የድርጅቱ ንብረት ነው፣ መቀስ አይነካውም» ተባልን።

ታዲያ ገና ከሐኪም ቤት ሳትወጣ ምንተስኖት የሚባለው የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ወረቀት ይዞላት መጣ። የታመመ ሰው ሲጠየቅ ብርቱካን ይያዛል፤ እሱ ወረቀት ያዘ! «ማሽኑ ላይ ማስጠንቀቂያ በግልጽ ተጽፎ ሳለ በገዛ ፈቃድሽ እጅሽን ስለሰደድሽ ጥፋቱ የራስሽ ነው፤ ከሥራ ተሰናብተሻል» ይላል። ሕክምናውም በራሷ፣ ጉዳቱም በራሷ።

ተጽፎ ሳለ! በማን ፊደል? ቡዜ ወረቀቱን አስነብባኝ ስታበቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወረደች። የወደቀችው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አይቶ መቅዳት ግን አያቅተኝም። ፊርደውስ በስልኳ ያነሳችውን እያየሁ በእርሳስ ገልብጬዋለሁ። ይኸውልህ፦ 危። አንተ የቻይናን ጽሑፍ ስትማር ስንት ክረምት አለፈብህ፤ ምን እንደሚል ንገረኝ። ሰው በምን እንደተከሰሰ ማወቅ አለበት አይደል? የፋብሪካው ኮሚቴ ነገሩን ዳግም የሚያየው ታኅሣሥ ላይ ነው። ያኔም ጥፋቱ የእሷ ነው ካሉ አበቃ፤ ቀኝ እጇ የጎደለ ልጅ ማን ይቀጥራታል?

ደብዳቤውን በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም የምልክልህ አትሳቅብኝ። በድምፅ ስናገር እናደድና ነገሩ ይበታተንብኛል። ስጽፍ ግን የድሮ አስተማሪዬ ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛልና አደብ እይዛለሁ።

እናትህ እትዬ የኔነሽ ደህና ናት። ደሴ ፒያሳ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ አግኝቻት «ብርድ እንዳይመታው በይው» ብላለች። ብያለሁ።

እህትህ አትጠገብ

*

ናንጂንግ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ አትጠገብ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤትዎን ሰላም እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈተና ላይ ነበርኩ። የትህትናን ነገር ሳነብ የራሴን እጅ ደጋግሜ አየሁት። ምሕረቱን ያውርድላት። እትዬ ቡዜንም «አብሽሪ ብሎሻል» ይበሉልኝ።

የላኩልኝን ምልክት ለአስተማሪዬ አሳየኋት። «ይህን የጻፈው ሰው ከብዕር ይልቅ መርፌ የለመደ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው ብዬ ሳቅኩ።

ትርጉሙ አደጋ ነው። አሠራሩን እንዳስተማሩን ላስረዳዎት። ከላይ ያለችው የታጠፈች ጭረት ሰው ናት። ከሥሯ በአግድም ሄዶ በግራ በኩል ቁልቁል የሚወርደው መስመር ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ደግሞ እጥፍጥፍ ብሎ የተንበረከከ ሌላ ሰው አለ። ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያዩ የሚመጣው ፍርሃት ነው ይላሉ የጥንት ሊቃውንቶቻቸው። ሚኒባሱ ሐረጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ኮምቦልቻን ቁልቁል ሲያዩ ሆድዎን የሚይዝዎት ነገር፣ ልክ እሱ ነው የተጻፈው።

የሚደንቀው ደግሞ አንዱን ምልክት ብዙ ሕዝብ በየአፉ የሚያነበው መሆኑ ነው። ቻይናዎቹ ዌይ ይሉታል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳያወርዱ። ወደ ደቡብ ካንቶን ሲሄዱ ንጋይ ይሆናል። ጥንት ቃሉ በአፍንጫ በሚወጣ ንግ የሚጀምር ነበር አሉ፤ ደቡቦቹ ጠበቁት፣ ሰሜኖቹ ጣሉት። ከእኛ ጋር የምትማር አንዲት ቬትናማዊት አለች፣ እሷ አገር ንጉዊ ነው። ኮሪያዊው የክፍሌ ጎረቤት ዊ ይለዋል። ጃፓኖች ሁለት ዓይነት አላቸው፦ ከቻይና የወሰዱትን ኪ ይሉታል፤ የራሳቸውን የጥንት ቃል ሲፈልጉ ግን ያንኑ ምልክት አቡናይ ብለው ያነቡታል። ሁሉም ገደሉን ያያል፣ ሁሉም በቋንቋው ይጮኻል።

እንግዲህ ነገሩን ከሁለት ወገን ስናየው፣ ፋብሪካው ማስጠንቀቂያ አልጻፈም ማለት አይቻልም። ምልክቱ በእነሱ ዘንድ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ትህትና አጥፍታለች ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው የማያውቀውን ነገር ለምን ይነካል? እኔ እንደሚመስለኝ በሽምግልና፣ በለሆሳስ ቢያልቅ ለእሷም ይሻላታል። ይህን ያልኩዎትንም ለራስዎ ያድርጉት፤ ስሜ ባይነሳ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ ወንድምአገኘሁ

*

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድምአገኘሁ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ሰላምታውን እንደ ወጉ ልጨርሰውና ወደ ንዴቴ ልግባ። ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ ከሁሉ በፊት ግን ማስተዋል ይስጥህ።

«ሰው የማያውቀውን ነገር ለምን ይነካል?» ብለህ ጻፍክልኝ። ያን አረፍተ ነገር ሳነብ መርፌ ጣቴ ውስጥ ገባ። ደብዳቤህን ለቡዜ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነበር፤ እዚያ ስደርስ ሳል አስመስዬ ዘለልኩት። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። «ምን አለ?» አለችኝ። «ብርድ ነው አለ» አልኳት።

ለምን እንደነካችው ልንገርህ፣ አንተ አልጠየቅከኝምና።

ማሽኑን የተከለው ሚስተር ሊዩ የሚሉት ቻይናዊ ነው። ፊርደውስ ከሱቄ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦ «ወላሂ እትዬ አትጠገብ፣ እኛ የእነሱ ኪታብ መስሎን ነው። ሊዩ ሁልጊዜ ጠዋት ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ሁላችንን በሰልፍ ያቆማል። ከዚያ ጣቱን ምልክቱ ላይ ያደርግና 'ዌይ! ዌይ!' ይላል፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ አንድ በአንድ እያየን። ከዚያ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ዱአ እያደረገልን ነው አልን። እና ሰው ዱአ ሲያደርግልሽ እንደ ግንድ ተገትረሽ ትቆሚያለሽ? ነውር አይደለም?»

ልጆቹ ምን አደረጉ መሰለህ። ክርስቲያኖቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነካ አድርገው ጣታቸውን ሳሙ። ሙስሊሞቹ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። አንዷም አልሳቀች፣ አንዷም አልቀለደች። ወሎ ነዋ አገሩ! እዚህ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ጫማውን ይጠብቅለታል እንጂ በጸሎት መሐል አያልፍም። የእንግዳ እምነት መስሏቸው አከበሩት። ሊዩ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር እንኳን አልተዉትም፤ «በሌለበት ብንተው ያሳማናል» አሉ። ትህትና ሁለት ጣቷን የሰጠችው ለጨዋነት ነው፣ ለድንቁርና አይደለም። በል አሁን ጥፋቱ የማን ነው?

ሰውየው ያስጠነቅቃል፤ ልጆቹ ይሳለማሉ። ወራት ሙሉ! በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመሐል ገብቶ «ኧረ ይሄ ጸሎት አይደለም፣ አደጋ ማለት ነው» የሚል አንድ ምንተስኖት ጠፋ። ደሞዝ የሚበላው ለምንድን ነው? እሱማ ከቢሮው አይወጣም፤ አቧራ ያስነጥሰዋል።

ደግሞ ያ የጻፍክልኝ የገደሉ ነገር። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርደው አደርኩ። ከላይ የቆመ ሰው፣ ከሥር የተንበረከከ ሰው። ለአንተ ትምህርት ነው። ለእኔ ግን ከላይ ያለው ምንተስኖት ነው፣ ከሥር ያለችው ትህትና ናት፣ ማን እንደወደቀ ደግሞ ይታያል። ዌይ ማለታቸውስ! እኛም ስንደነግጥ ወይ ነው የምንለው፤ ግን ወይ ሲሉን ሰምተን አሜን አልን። አቡናይ ያልከውን ለቡዜ ብነግራት ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ «አቡን ያለበትማ አደጋ አይሆንም» ብላ።

አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። ፊርደውስ ኮሚቴው ፊት ትናገራለች፤ ግን እሷን ማን ይሰማታል፣ «የጓደኛ ወሬ» ይሏታል። አንተ የተማርክ ነህ። ወረቀት ጻፍልኝ። ፊርደውስ ያነሳችውን የማሽኑን ፎቶም አያይዤልሃለሁ። ያ ምልክት ካልተማሩት በቀር ሥዕሉን አይቶ ማንም ሊያውቀው እንደማይችል፣ የሚያውቁት አገሮች እንኳን እያንዳንዳቸው በየአፋቸው እንደሚያነቡት፣ እኛ አገር ግን ማንም እንዳላስተማረው ጻፍ። ከሥሩ ስምህን አኑር። ስም የሌለው ወረቀት እንደ ቁልፍ የሌለው ኮት ነው፣ ንፋስ ይገባዋል።

በለሆሳስ ይለቅ አልክ። በለሆሳስማ አልቆ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጮኽኩት።

አትጠገብ

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድምአገኘሁ፣

ጤና ይስጥህ። ዛሬ ምርቃቱ አጭር ነው፣ ረጅሙን አፌ እንቢ አለኝ።

መልስህን ስጠብቅ ጽዮን ደረሰች። መልእክቴን እንዳየኸው ስልኬ ይነግረኛል፤ ሁለት ምልክት ያደርጋል። እኔም ፈተና ላይ ነው እያልኩ ለቡዜ እዋሽልሃለሁ። ቡዜም «ልጁ ከብዶት ይሆናል፣ አታስጨንቂው» ትለኛለች፤ በበሽታዋ ላይ ለአንተ ታዝናለች።

ትናንት ምንተስኖት ሱቄ መጣ። ሱሪ ሊያሳጥር! ከተማው ውስጥ ሌላ ሰፊ የጠፋ ይመስል። ለካ ወሬ ሊነግረኝ ኖሯል። እግሩን አቁሜ ስለካው ከላይ ሆኖ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ አትጠገብ፣ ያ ናንጂንግ ያለው ዘመድሽ ጎበዝ ልጅ ነው አሉ።»

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማመልከቻው ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው። ለአስተርጓሚነት። ሊገባልን ምንም አልቀረው። እና ባታስቀይሚው ይሻላል፣ የቤተሰብ እንጀራ ነው።»

ከተንበረከክሁበት ተነስቼ ሱሪውን በእጁ ሰጠሁት። «ምነው?» አለኝ። «ክር አለቀብኝ» አልኩት። ከኋላዬ መደርደሪያው ሙሉ ክር ነው፣ እሱም ያያል፣ እኔም አያለሁ።

ስሜ ባይነሳ ያልከኝ ለካ ለዚህ ነው። ከሁለት ወገን ማየትህ ለዚህ ነው። አንዱ ወገን ወንበርህ ነበር! ነገሩን ነግረኸኝ ቢሆን እኮ እረዳህ ነበር፤ ሥራ ለማግኘት ምን እንደሚከፈል አላጣሁትም። እናትህንም አውቃለሁ፣ ስትመጣ የምትተኛበትን ክፍል አስለስናለች። ግን እኔን የጻፍክልኝ የሊቅ ቃል አስመስለህ ነው። የገደሉን ትርጉም ነግረኸኝ ራስህ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመህ እንደነበር አልነገርከኝም።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ ሰምቼ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ኮሚቴው ታኅሣሥ አጋማሽ ይቀመጣል። ወረቀቱን ብትልክ ትልካለህ። ባትልክም እኛ እንሄዳለን። ለእናትህ ምንም አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

አትጠገብ

*

ናንጂንግ፣ ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ አትጠገብ፣

ደብዳቤዎን ቁጭ ብዬ ሳይሆን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ምርቃት እንዳልጠበቅሁ፣ ለመመረቅም እንዳልበቃሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ቸሩ ፈጣሪ ቤትዎን ከመርዶ ይጠብቅልኝ።

ማመልከቻውን ያስገባሁት ነሐሴ ላይ ነው፣ ትህትና ሳትጎዳ። ከዚያ በኋላ ግን ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ ዝም አልኩ። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ስሜ ጋ ስደርስ አቆም ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትናንት የሆነውን ግን ልንገርዎት። የማሽኑን ፎቶ ስልኬ ላይ ሳይ ኮሪያዊው ጎረቤቴ በትከሻዬ በኩል አየው።

«ይህ ማሽን የት ነው ያለው?» አለኝ።

«አገሬ» አልኩት።

«የእናንተ ጽሑፍ ታዲያ የታለ?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

ግራ ገባው። «ፊደል የላችሁም እንዴ?» አለኝ። የተናገረው በክፋት አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

እትዬ፣ ፊቴ ነደደ። እኔ ለዚህ ልጅ ስንት ቀን ስለ ፊደላችን ያወራሁ ሰው ነኝ፤ ከሀ እስከ ፐ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል! ቀና ብሎ እሱን አየና ወደ ስልኬ ተመለሰ። ከዚያ የራሳቸውን ነገር ነገረኝ። አያቱ ያንን የቻይና ምልክት በደንብ ያነብ ነበር፣ እሱ ግን እዚህ መጥቶ ነው የተማረው። አገሩ ውስጥ ማሽን ላይ የሚጻፈው በራሳቸው ፊደል ነው፤ ቃሉ ከቻይና የመጣ ቢሆንም ድምፁን ይዘው በፊደላቸው ይጽፉታል፣ ማንም ሠራተኛ እንዲያነበው። ቬትናሞቹም እንዲሁ ናቸው፤ ምልክቱን ከተዉት ቆይተዋል፣ ንጉዊ የሚለውን ቃል ግን በሚጠቀሙበት ፊደል ይጽፉታል። ከቻይና ጋር ይህን ያህል ዘመን የኖሩት እንኳን ለሠራተኛቸው በሠራተኛው ፊደል ሲጽፉ፣ ቻይንኛ ሰምታ የማታውቅ የኮምቦልቻ ልጅ «ተጽፎልሽ ነበር» ትባላለች። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። «ለምን ትነካለች» ያልኩትን ቃል መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ በአማርኛም በቻይንኛም። አስተማሪዬም አይታ ፈርማበታለች። እንዲህ የሚለው ላይ ስትደርስ ፊርደውስ ረጋ ብላ ታንብብላቸው፦ «ይህ ምልክት አደጋ ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተማረው ብቻ ነው። ያልተማረው ሰው በመፍራት ፋንታ ሊያከብረው ይችላል። ለማይነበብለት ሰው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።» ከሥሩ ስሜ ከነአባቴ አለ።

አንዱን ቅጂ በቀጥታ ለፋብሪካው ላኩት። ከእርስዎ እጅ ከሚያገኙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። የሚሆነው ይሁን። ለእናቴ እኔው ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ።

ወንድምአገኘሁ

*

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ለወንድምዬ፣

በሌለህበት የሚመሰክርልህ ሰው አትጣ። በሄድክበት በር ሁሉ በቋንቋህ «ግባ» የሚልህ ይቁምልህ። አሜን በል፣ ይሄን ምርቃት አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ኮሚቴው ተቀመጠ። እኔን ዘበኛው በር ላይ አስቀረኝ፣ «ሠራተኛ አይደለሽም» ብሎ። ጸሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። የሆነውን ፊርደውስ እንደነገረችኝ ነው የምነግርህ።

መጀመሪያ ምንተስኖት ተነስቶ ያንኑ ደገመው። ማስጠንቀቂያው በግልጽ ተጽፏል፣ ሠራተኛዋ ችላ ብላለች። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፣ እሱም ቆላ። ከዚያ ፊርደውስ ወረቀትህን አነበበች። ስትጨርስ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ያዘችና ወደ እሱ ዞረች።

«አቶ ምንተስኖት፣ ግልጽ ነው ብለዋል። ያንብቡልን» አለችው።

«ምኑን?» አለ።

«ይሄን ግልጹን።»

«እኔ የማሽን ሰው አይደለሁም» አለ።

«ትህትናም የቻይና ሰው አይደለችም» አለችው። ከሠራተኞቹ ወገን የመጡት ሳቁ። ቻይናዊው ሥራ አስኪያጅ አልሳቀም፤ ወረቀትህን በቻይንኛው በኩል ገልብጦ ብቻውን ረጅም ጊዜ አነበበ አሉ። ከዚያ ስንብቱ ተሽሯል ተባለ። ሕክምናው በፋብሪካው፣ ስትድን በአንድ እጅ የሚሠራ ሥራ ላይ ትመደባለች። ማሽኖቹ ላይም በአማርኛ ይጻፍ ተባለ። ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው ግን አፋቸውን ሞልተው አልተናገሩም። «የመግባባት ጉድለት» ብለው ጻፉት። የመግባባት ጉድለት! እኔ ጨርቅ አበላሽቼ «የመቀስ ጉድለት» ብል ማን ይከፍለኛል?

ፊርደውስ በሩ ላይ ስትነግረኝ እልል ልል አፌን ከፍቼ የቡዜ ልጅ እጅ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ሰው አልተለየም። ቅዳሜ ሚስተር ሊዩ መጣ። አዎ፣ ራሱ። አንድ ኪሎ ሙዝ ይዞ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ። ማንም አውልቅ አላለውም። ፊርደውስ የእሱን ቋንቋ ትንሽ ትለቅማለች፣ እሱም የገበያ አማርኛ አለው፣ በመሐል በእጅ ምልክት እያሳዩ ተግባቡ። ትህትና ፊት ሲደርስ የታሰረውን እጇን አየና ቀና ማለት አቃተው። ያለውን ፊርደውስ እንዲህ ብላ ተረጎመችልን፦ «በየቀኑ ሁላችሁም ምልክቱን ስትነኩ አይ ነበር። ብዙ አገር ሠርቻለሁ፣ እንደ እናንተ ማስጠንቀቂያ የሚያከብር ሰው አላየሁም አልኩ። ለባለቤቴም በስልክ ነገርኳት፣ እነዚህ ልጆች ጠንቃቃ ናቸው ብዬ። ኮርቼባችሁ ነበር።»

እኔ ሰውየውን ልሰድበው ቀን ስቆጥርለት የኖርኩ ሴት፣ በርጩማ ገፋሁለት። እኛ የሚጸልይ መስሎን፣ እሱ የምንጠነቀቅ መስሎት! ትህትና ነች የተናገረችው። «አንዴ እንኳን ለምን እንደምንነካው አልጠየቃችሁንም?» አለችው። ፊርደውስ ተረጎመችለት። እሱም «እናንተስ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አላለም፤ ሊል ይችል ነበር፣ አላለም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሲወጣ ቡዜ ሙዙን ግማሽ መልሳ በፌስታል ሰጠችው፣ እንግዳ ባዶ እጁን አይወጣም ብላ። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት።

እሁድ እናትህ ከገራዶ መጣች። ሁሉን ነግረሃታል። ተቆጥታብሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ትህትናን ግንባሯን ሳመችና «ወንበር ይገኛል» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ያስለሰነችውን ክፍል ለጊዜው ሽንብራ ታስቀምጥበታለች።

ትናንት ደግሞ ምንተስኖት መጣ። በዚህኛው ብርቱካን ይዟል፤ ተምሯል። ከብርቱካኑ ሥር ግን ወረቀት አለ። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሮ «የዘመድሽ ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል፣ ንገሪው» አለኝ። «ያውቃል፣ ሲጽፍ ነው ያወቀው» አልኩት። ቀጥሎ ወረቀቱን ትህትና ጭን ላይ አኖረና እስክሪብቶ ከፈተላት። ከእንግዲህ በፋብሪካው ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም የሚል ነው፣ ተራ ነገር ነው፣ ሁሉም ይፈርማል አላት።

ትህትና ወረቀቱን በግራ እጇ አንስታ አየችው። ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው።

«በአማርኛ አምጣልኝ» አለችው።

«የዋናው መሥሪያ ቤት ፎርም ነው፣ አማርኛ የለውም። እኔ ነገርኩሽ አይደል ምን እንደሚል?»

«በማላነበው ነገር ላይ ሁለተኛ እጄን አላሳርፍም» አለችው።

«ኧረ ትህትና፣ ፊርማ እኮ ነው፣ ማሽን አይደለም» አላት እየሳቀ።

ቡዜ ከአልጋዋ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች መስላን የነበረችው፣ ሳትዞር «እሱን ለጣቶቿ ንገራቸው» አለችው።

አትጠገብ